ልጆች ይዞ በሐይቅ ዳር ለማደር የትኛው ሐይቅ ይመረጣል?

የአንደኛው ወሰነ ትምህርት ፈተና አልቆ ተማሪዎች ለአጭር እረፍት ሲለቀቁ፣ በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፡፡ ልጆቹን ለሁለት ቀን እንኳ ከስልክና ከቴሌቪዥን አላቆ የት መውሰድ ይቻላል? ሎጅና ሪዞርት ለአንድ ቤተሰብ የሚጠይቀው ገንዘብ የደመወዝተኛን አቅም ይፈትናል፡፡ በመኪና ሄዶ በሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ማደር ግን ወጪው ቀለል ያለ ነው፤ ለልጆችም ከየትኛውም አልጋ ይልቅ የሚታወሳቸው እሱ ነው፡፡

በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ይህን ነገር በተሽከርካሪ ቤት ነው የሚያደርጉት፡፡ አልጋ፣ ማድቤትና ሽንት ቤት ያለውን ካራቫን ይዘው ይሄዳሉ፤ በሐይቁ ዳር ቁጥር የተሰጠው ቦታ አስቀድመው ይይዛሉ፤ ሲደርሱም መብራቱንና ውኃውን ይሰካሉ፡፡ ለእረፍት ወደ አገር ቤት ሲመጡ የሚጠይቁኝም እንዲህ ያለ ቦታ ነው፡፡ እኛ አገር ሐይቁ ሞልቷል፤ ካራቫን ገብቶ መብራትና ውኃ የሚሰካበት የተደራጀ ሰፈር ግን የለንም፡፡ ያለን የሎጆችና የሆቴሎች ግቢ፣ የብሔራዊ ፓርኮች የድንኳን ሥፍራና ባለቤቱን አስፈቅዶ የሚታደርበት ሜዳ ነው፡፡ ስለዚህ በዚያ አገር ድርጅቱ የሚሠራውን ማጣራት እዚህ ወላጁ ራሱ መሥራት አለበት፡፡ ላለፉት ዓመታት ከቤተሰቤ ጋር ስወጣ የምጠቀምበትን የአመራረጥ ዘዴ ከዚህ በታች አቅርቤያለሁ፡፡

ከውበቱ በፊት ውኃው

ብዙ ሰው ቦታ የሚመርጠው በፎቶግራፍ ነው፡፡ ፎቶግራፍ የፀሐይ መጥለቂያን እንጂ ውኃው ውስጥ ያለውን አያሳይም፡፡ ልጅ ያለው ሰው በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት “ልጆቼ እዚህ ውኃ ውስጥ መግባት ይችላሉ ወይ?” ብሎ ነው፡፡ መልሱ “አይችሉም” ከሆነ ቦታው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ዕቅዱ ግን ሌላ ይሆናል፡፡ ሐይቅ ዳር ያደረ ልጅ ውኃ እንዳይነካ ቀኑን ሙሉ መከልከል ለወላጁም ለልጁም ስቃይ ነውና፡፡

ውኃው ውስጥ ያለው ስጋት ሦስት ዓይነት ነው፡፡ የመጀመሪያው ቢልሃርዝያ ነው፡፡ የዚህ ጥገኛ ትል እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ ተፈልፍሎ በቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም በዓይን የማይታይ እጭ ሆኖ ወጥቶ በሰው ቆዳ ውስጥ ሰርስሮ ይገባል፡፡ ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግርን መንከር ይበቃል፡፡ ቀንድ አውጣው የሚወደው ረጋ ያለ፣ ሳርና ቄጠማ የበዛበትን ዳርቻ ነው፡፡ ልጆች መጫወት የሚወዱትም እዚያው ነው፡፡ ከውኃ እንደወጡ በፎጣ ፈትጎ ማድረቅ ይከላከላል ይባላል፤ ሊታመኑበት የሚገባ መከላከያ ግን አይደለም፡፡

ሁለተኛው እንስሳው ነው፤ አዞና ጉማሬ፡፡ ሦስተኛው ደግሞ ውኃው ራሱ፣ ማለትም ጥልቀቱ፣ ማዕበሉና ጥራቱ ነው፡፡ እነዚህን ሦስቱን ይዘን ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሚቀርቡትን ሐይቆች አንድ በአንድ እንመልከት፡፡

ላንጋኖ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፡፡ ከባሕር ጠለል በላይ 1,585 ሜትር ላይ የሚገኝ ሞቃት ሐይቅ ነው፡፡ ለዋና የሚመረጠው ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው የሚል ስም ለረጅም ዘመን ስለያዘ ነው፡፡ እኔም ልጆችን የማስገባው እዚህ ነው፡፡ ሆኖም ይህን ስም ሐይቁ ዙሪያ ላለ ውኃ ሁሉ እንደ ዋስትና አልወስደውም፡፡ ወደ ሐይቁ በሚገቡ ጅረቶች አፍና ቄጠማ በበዛበት ጥግ አላስገባም፤ ክፍትና አሸዋማ የሆነውን ዳርቻ እመርጣለሁ፡፡

የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው፡፡ ቀለሙ የመጣው በውኃው ውስጥ ከተንሳፈፈው ደቃቅ ሸክላ አፈር እንጂ ከብክለት አይደለም፡፡ ነገር ግን ወላጆች ልብ የማይሉት ነገር አለ፤ በዚህ ውኃ ውስጥ ጭንቅላቱ የሰመጠ ልጅ ግማሽ ሜትር ዝቅ ቢል እንኳ አይታይም፡፡ በበሽታ በኩል የተሻለው ሐይቅ በዕይታ በኩል ከሁሉም የሚያስቸግር ነው፡፡ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ፡፡

የምዕራቡ ዳርቻ ለዋናው መንገድ ቅርብ ነው፤ አብዛኞቹ መዝናኛዎችም ያሉት እዚያ ነው፡፡ የምሥራቁ ዳርቻ ጥቅጥቅ ያለ የተፈጥሮ ደን፣ ጉሬዛና በርካታ ወፍ አለው፡፡ መንገዱ ግን ሸካራ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ዝቅ ያለ የቤት መኪና ያስቸግረዋል፡፡

ዝዋይ

ደምበል በሚለው ስሙም የሚታወቀው ይህ ሐይቅ ባቱ ከተማ ዳር፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፡፡ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ በአማካይ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም፡፡ ጉማሬ አለው፤ የቢልሃርዝያ መኖርም በጥናት የተረጋገጠ ነው፡፡ ስለዚህ ለዋና አይሆንም፡፡ ለወፍ፣ ለዓሣ ጥብስና የዘይ ማኅበረሰብ ወደሚኖርባቸው ደሴቶች በጀልባ ለመሄድ ግን ግሩም ነው፡፡ እኔ የምመክረው እግረ መንገድን ቀን ላይ አይቶ፣ ቆሮሶ በልቶ ማለፍን ነው፡፡

ሻላና አቢያታ

ሁለቱ ሐይቆች ያሉት 887 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሸፍነው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፡፡ ሻላ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ በመሆኑ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ጥልቁ ነው፡፡ የሁለቱም ውኃ ጨዋማና ሶዳማ ነው፤ አይጠጣም፣ ምግብም አይበስልበትም፡፡ በሻላ ዳር ያለው ፍል ውኃ ከመሬት ሲወጣ ቆዳ የሚልጥ ሙቀት አለው፡፡ ትናንሽ ልጆችን እጅ ሳይዙ ወደ ፍል ውኃው መቅረብ አይገባም፡፡ አቢያታ ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ ሸሽቷል፤ ወደ እሱ የሚፈሰው የቡልቡላ ውኃ ለመስኖ መጠለፉና የሶዳ አሽ ምርቱ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ፡፡ ውኃው ሲሸሽ የቀረው ሜዳ ላዩ ደረቅ መስሎ ታቹ ጭቃ ስለሆነ መኪና ይውጣል፡፡ ታዳጊ ልጆች ላሉትና ዋና ለማያሳስበው ቤተሰብ ግን ትምህርት ቤት ማለት ነው፡፡

ሐዋሳ

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ይርቃል፡፡ ከተማው ሐይቁ ዳር ስለሆነ ፋርማሲ፣ ሆስፒታልና ገበያ ቅርብ ናቸው፡፡ ሕፃን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፡፡ ሐይቁ ግን ቢልሃርዝያም ጉማሬም አለው፡፡ ጦጣና ጉሬዛ በየግቢው ስለሚዘዋወሩ ምግብ ሜዳ ላይ ትቶ ዞር ማለት አይቻልም፡፡ ልጆች በእጃቸው እንዲያበሉ የሚጋብዙ ሰዎችን ባትሰሙ ይሻላል፤ የጦጣ ንክሻ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚያበቃ ጉዳይ ነው፡፡

ቢሾፍቱ

45 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ ለአንድ ሌሊት ሙከራ ይመቻል፡፡ ሐይቆቹ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውኃ ናቸው፡፡ የዚህ ትርጉሙ ዳርቻቸው ገደላማ፣ ጥልቀታቸውም ድንገተኛ መሆኑ ነው፡፡ የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ይጠልቃል፡፡ ሁለት እርምጃ ከዳር የራቀ ልጅ መሬት ላያገኝ ይችላል፡፡ በሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል በሚከበርበት ሰሞን ደግሞ ከተማው በሕዝብ ስለሚሞላ ቦታ አይገኝም፡፡

ወንጪ

በአምቦ ወይም በወሊሶ በኩል 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደረሳል፡፡ ሐይቁ ወደ 2,900 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስላለ ወባ አያሳስብም፡፡ መንደሩ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት “ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች” ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ነው፡፡ በ“ገበታ ለሀገር” ፕሮጀክት ከታቀፈ በኋላም ብዙ ግንባታ ተካሂዶበታል፡፡ ፈተናው ብርዱ ነው፡፡ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቀጭን ድንኳንና አንድ ብርድ ልብስ አያሳድሩም፡፡ ውኃውም ቀዝቃዛና ጥልቅ ነው፡፡ ወንጪ የእግርና የፈረስ ሐይቅ ነው፤ የዋና አይደለም፡፡

አባያና ጫሞ

አርባ ምንጭ ውብ ናት፤ ሁለቱ ሐይቆች ግን የአዞ መኖሪያ ናቸው፡፡ በጫሞ “የአዞ ገበያ” የሚባለው ቦታ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም፡፡ በጀልባ ሆኖ አዞና ጉማሬ ማየት ለልጆች የማይረሳ ነገር ነው፤ በዳርቻው ላይ ድንኳን መትከል ግን የማይታሰብ ነው፡፡ ወደዚያ የሚሄድ ቤተሰብ ከሐይቁ በላይ፣ ከፍታው ላይ ይደር፡፡

በስልክ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐይቁ ከተመረጠ በኋላ የሚቀረው የማደሪያውን ግቢ መምረጥ ነው፡፡ “ሁሉም ነገር አለ” የሚል መልስ ምንም ማለት አይደለም፡፡ አንድ ጊዜ “ሽንት ቤትና ሻወር አለ” ተብለን የሄድንበት ግቢ ውስጥ ሁለቱም ነበሩ፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ግን ይቆለፉና ቁልፉን የያዘው ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል፡፡ ከዚያ ወዲህ ጥያቄዎቼን እንዲህ ዘርዝሬ ነው የምጠይቀው፦

1. በዚህ ሳምንት የአካባቢው ፀጥታና መንገዱ እንዴት ነው? ይህንን ከግቢው ባለቤት ብቻ ሳይሆን በዚያ መስመር ከሚሠራ ሾፌርም እሰማለሁ፡፡ ሁለቱ ካልተስማሙ ጉዞውን አስተላልፋለሁ፡፡ ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማል፡፡

2. ሌሊት የሚያድር ጥበቃ አለ? ስንት ነው? መኪናው ከድንኳኑ አጠገብ ይቆማል ወይስ በር ላይ?

3. ሽንት ቤቱ ሌሊት ክፍት ነው? መብራት አለው? ከድንኳኑ ስንት እርምጃ ነው?

4. ውኃው ከየት ይመጣል? ከሐይቁ የሚሳብ ከሆነ በሮቶ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል? የቢልሃርዝያ እጭ ከሰው ሳይገናኝ ከሁለት ቀን በላይ አይኖርም፤ ስለዚህ ሁለት ቀን የተጠራቀመ ውኃ ለገላ መታጠቢያ አያሰጋም፡፡

5. ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ አለ? እስከ ስንት ሰዓት? የልጅ እንቅልፍ የሚያበላሸው ጅብ ሳይሆን የድምፅ ማጉያ ነው፡፡

6. ጀልባ ካለ፣ በልጅ ልክ የተሠራ የሕይወት አድን ጃኬት አለ? የአዋቂ ጃኬት ከልጅ ትከሻ ላይ ሾልኮ ይወጣል፡፡

7. ቅርቡ ሆስፒታል የት ነው? ለላንጋኖ መልሱ ባቱ ወይም ሻሸመኔ ነው፡፡

ድንኳኑ የት ይተከል?

ግቢው ውስጥ ሲደርሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዙሪያውን በእግር መዞር ያስፈልጋል፡፡ በተቻለ መጠን ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት መድረስ የሚመረጠው ለዚሁ ነው፡፡ የሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ የፍጥነት መንገድ ለትራፊክ ክፍት ከሆነ ወዲህ የደቡቡ ጉዞ በጣም አጥሯል፤ ከባቱ በኋላ ግን ከብት፣ ጋሪና ባጃጅ የሚጋሩት መንገድ ስለሆነ በማታ አይነዳም፡፡

ጉማሬ ባለበት ሐይቅ ቄጠማውን ሰንጥቆ ወደ ውኃው የሚወርድ የተደለደለ መስመር ካያችሁ የጉማሬ መንገድ ሊሆን ይችላል፡፡ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ ሊነጋ ሲል ይመለሳል፡፡ በእሱና በውኃው መካከል የቆመን ነገር አይታገስም፡፡ ድንኳኑ ከዚህ መስመር ርቆ፣ ቢቻል ከአጥር በስተጀርባ ይሁን፡፡

ሌላው ግራር ነው፡፡ ጥላው ያጓጓል፤ እሾሁ ግን የድንኳኑን ወለልም የመኪናውንም ጎማ ይበሳል፡፡ መሬቱን ጠርጎ ከታች ወፍራም ሸራ ማንጠፍ ይረዳል፡፡ የደረቀ ትልቅ ቅርንጫፍ ከበላይ ካለ ቦታ መቀየር ነው፡፡ ከሰዓት በኋላ በሐይቆቹ ላይ ነፋስ ስለሚነሳ ችካሉ በደንብ ይመታ፤ አሸዋማ መሬት ላይ አጭር ችካል አይይዝም፡፡ የድንኳኑ በር ወደ ሐይቁ መሆን የለበትም የምለው ግን ከነፋሱ ይልቅ በሌላ ምክንያት ነው፡፡ ከአባትና ከእናቱ ቀድሞ የነቃ የሦስት ዓመት ልጅ ከበር ሲወጣ ፊት ለፊቱ የሚያየው ውኃ እንዳይሆን ነው፡፡

ልጅና ውኃ

ሰው ሲሰጥም ይጮኻል፣ እጁን ያወራጫል ብለን እናስባለን፡፡ ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ በዝምታ ነው የሚሰጥመው፤ አፉ ከውኃ በላይ ካልሆነ መጮኽ አይችልምና፡፡ ላንጋኖን በመሰለ ድፍርስ ውኃ ደግሞ ከሰጠመ በኋላ የት እንዳለ አይታይም፡፡ ስለዚህ የቤታችን ደንብ የሚከተለው ነው፡፡

ልጆች ውኃ ውስጥ ባሉ ጊዜ አንድ አዋቂ እነሱ ጋር ውኃ ውስጥ ይቆማል፤ ከትንሹ ልጅም ከአንድ ክንድ በላይ አይርቅም፡፡ ዳር ላይ ወንበር ዘርግቶ ማየት ጥበቃ አይባልም፡፡ ተረኛው ማን እንደሆነ በስም ይነገራል፤ “ሁላችንም እናያቸዋለን” ማለት ማንም አያያቸውም ማለት ነው፡፡ ተረኛው ስልክ አይዝም፣ ቢራም አይጠጣም፡፡ ልጆች ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቢጫ ይለብሳሉ፤ ሰማያዊና ቡናማ ልብስ ከውኃው ጋር ይመሳሰላል፡፡ በአየር የሚነፋ መንሳፈፊያ ከነፋስ ጋር ወደ መሐል ስለሚነዳ ሐይቅ ላይ አንጠቀምበትም፡፡ ነፋሱ ሲነሳ ዋናው ያበቃል፡፡

ቢልሃርዝያ ባለበት ሐይቅ ልጅ በአጋጣሚ ከገባ መደንገጥ አያስፈልግም፡፡ በሽታው በምርመራ ይታወቃል፤ ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒትም ይድናል፡፡ መድኃኒቱ ያልጎለመሰውን ትል በሚገባ ስለማይገድል ምርመራና ሕክምናው የሚሻለው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው፡፡ ቀኑን መዝግቦ ለሐኪም መንገር ነው፡፡ ከዚያ በፊት ትኩሳት ወይም ሳል ከመጣ ግን ሳይዘገዩ መታየት ይገባል፡፡

ወባ፣ የመጠጥ ውኃና ከሰል

ከወንጪ በስተቀር ከላይ የጠቀስኳቸው ሐይቆች ሁሉ ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው፤ ይህ ማለት የወባ ቀጣና ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2024 በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን ስናስብ ጉዳዩ ቀላል አይደለም፡፡ መረቡ ያልተቀደደ ድንኳን፣ አመሻሽ ላይ እጅጌ ሙሉ ልብስና በቆዳ ላይ የሚቀባ መከላከያ ያስፈልጋሉ፡፡ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጅ ቢያተኩሰው ለሐኪሙ “ስምጥ ሸለቆ አድረን ነበር” ማለት አይዘንጋ፡፡

የመጠጥ ውኃ ከአዲስ አበባ ይዞ መሄድ ነው፡፡ በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የአካባቢው ሕፃናት ጥርስ የሚበልዘው በዚሁ ነው፡፡ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም፡፡ ለሁለት ቀን ጉዞ ችግሩ ትልቅ ባይሆንም ጄሪካን መሙላት ቀላል ሥራ ነው፡፡ እኔ ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን 5 ሊትር እይዛለሁ፡፡

ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቀው ስለ ከሰል ነው፡፡ ብርድ ሲበረታ የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ወይም ወደ መኪና ማስገባት ቤተሰብን በሞላ የሚገድል ነገር ነው፡፡ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው አያነቃውም፡፡ ፍሙ የጠፋ ቢመስልም ጋዙ መውጣቱን አያቆምም፡፡ ለብርድ መድኃኒቱ ከታች ወፍራም ፍራሽ፣ ከላይ ጋቢና ብርድ ልብስ፣ በፔርሙስ ትኩስ ሻይ ነው፡፡ በሻላና አቢያታ መንገድ ላይ በማዳበሪያ ተደርድሮ የሚሸጠውን ከሰል አለመግዛትም ደግ ነው፤ የፓርኩን ግራር እየጨረሰ ያለው ይኸው ንግድ ነውና፡፡

መቼ ይኬዳል?

የወባ ስርጭት በአብዛኛው የሚበረታው ከክረምቱ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መግቢያ ነው፡፡ በሚያዝያና ግንቦትም እንደገና ብቅ ይላል፡፡ ክረምቱ ራሱ ለድንኳን አይመችም፡፡ ስለዚህ ለቤተሰብ የሚመቸው ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው፡፡ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ፣ ትንኙ ያነሰ ነው፤ ከአውሮፓ የሚሰደዱት ወፎችም በሐይቆቹ ላይ ናቸው፡፡ የትምህርት ቤት እረፍትም በዚሁ መካከል ይውላል፡፡ ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ሰሞን ግን መንገዱም ማደሪያውም ስለሚጨናነቅ ከበዓላቱ ማግስት ያለውን ሳምንት መምረጥ ይሻላል፡፡

በመጨረሻም

አጠር አድርጌ ስመክር፣ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለው ቤተሰብ በመጀመሪያ ቢሾፍቱ ላይ በአጥር በተከለለ ግቢ አንድ ሌሊት ይሞክር፤ ያልተመቸው በአንድ ሰዓት ቤቱ ይገባል፡፡ መዋኘት የሚወዱ ልጆች ያሉት ላንጋኖን ይምረጥ፤ ተረኛ ጠባቂውንም ከቤት ሳይወጣ ይሰይም፡፡ ወባ የሚያስፈራው፣ ልጆቹም በእግር መጓዝ የሚችሉ ሰው ወንጪን በወፍራም ብርድ ልብስ ይያዘው፡፡ ወፍና ተፈጥሮ ማሳየት የሚፈልግ ሻላና አቢያታ ይውረድ፡፡ ሐዋሳ ከተማ አጠገቡ እንዲሆን ለሚፈልግ ነው፡፡

የሄዱበትን ቦታ ሲለቁ ፌስታልና ጠርሙስ ሰብስቦ በመኪና ይዞ መመለስ ደግሞ የሁሉም ግዴታ ነው፡፡ የግቢው ሠራተኛ ቆሻሻውን ከአጥሩ ውጭ ሊያቃጥለው ወይም ሐይቁ ዳር ሊጥለው ይችላል፡፡ በሚቀጥለው ዓመት ልጆቻችን ባዶ እግራቸውን የሚሮጡት እዚያው ላይ ነው፡፡